ገጽ 125 የት ገባ?

የንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ በ19 አባላት ጀምሮ በ31 ጨረሰ። ቁጥሩን ያስቀደምኩት ጽሕፈት ቤቱ ስለሚወደው ነው።

የምንገናኘው ረቡዕ ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ይህ ሰዓት ድሬዳዋ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ልጅ አይነገርም። ካሉን ሁለት ፋኖች የሚሠራው አንዱ ነው። ከሥሩ ባለችው ወንበር የተነሣው ጭቅጭቅ በመጻሕፍቱ ከተነሣው አይተናነስም።

ርዕሱን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ዲስቶፒያ። መጪውን ዘመን እጅግ አክፍተው የሚያሳዩ ልብ ወለዶች ማለት ነው። እኔ ደስ የሚል የፍቅር ታሪክ ነበር ያሰብኩት። በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ።

በጆርጅ ኦርዌል «1984» ጀመርን። የታተመው በ1949 ነው (የውጭዎቹን መጻሕፍት ዓመት በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ልጆቹ ሮቦትና የጠፈር መንኮራኩር ጠብቀው ነበር። ያገኙት ግን የማይሠራ ሊፍት፣ ምላጭ ፍለጋ የሚንከራተት ሰውና በራሽን የሚታደል ቸኮላት ነው። የቸኮላቱ ራሽን ወደ 20 ግራም ይቀነሳል። ቀን እንኳ ሳይቆይ «ራሽኑ ወደ 20 ግራም ከፍ አለ» ተብሎ ይነገራል። ለዚህም የምስጋና ሰልፍ ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁሉም ሳቀ። ከኋላ አንዱ «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ሸማቾች ተሰልፎ ያውቃል እንዴ?» አለ። ሰልፉንስ ያውቀዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ዳቦ ሳይቀር በራሽን ነበር። ኦርዌል ስለ ነገ ሲጽፍ የቀዳው በዙሪያው ካለው ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ለክበቡ ስምንት ቅጂ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ነበር። ከማደሌ በፊት ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ከስምንቱም አንድ አንድ ቅጠል መዘዝኩ። የመጽሐፉ ፍቅረኞች ዊንስተንና ጁሊያ ጫካ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ወላጅ ቢያየው ምን ይለኛል ብዬ ነው። መልሼ በስቴፕለር አሰርኩትና ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ረቡዕ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ከ124 ቀጥሎ 127 ነው። ገጽ 125 የት ገባ?» ፎቶ ኮፒ ቤቱ ዘሎት ይሆናል አልኩ። ዋሸሁ። እሷም ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሣችና በስቴፕለሩ ሥር የቀረችውን የተቀደደች ጫፍ አሳየችኝ። «ጫካ ገቡ፤ በሚቀጥለው ገጽ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። መሃል ላይ ምን ሆኑ?»

ዊንስተን ሥራው ምን እንደሆነ ያነበበ ያስታውሳል። የድሮ ጋዜጣ እያረመ፣ የማይፈለገውን ወረቀት ግድግዳው ላይ ባለ ቀዳዳ ይከታል፤ ወረቀቱም እሳት ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ስሙ «ቀዳዳው» ሆነ። ገጽ 125 ደግሞ በዚያው ምሽት ከፒዲኤፍ ተቆርጦ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ተለቀቀ። መጽሐፉን ገልጠው የማያውቁት እንኳ እሱን አንብበውታል። የታገደ ነገር እንዲህ ነው።

የሚቀጥሉትን ሦስት ሳምንታት መጻሕፍት ለምን እንደሚታገዱ ስናወራ ከረምን። «1984» በሶቪየት ኅብረት እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ታግዶ ነበር፤ ፀረ ኮሚኒስት ነው ተብሎ። በ1981 ደግሞ አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ኮሚኒዝምን ይደግፋል የሚል ተቃውሞ ተነሥቶበታል። አንዱ ልጅ «ሁለቱም አላነበቡትም ማለት ነው» አለ። እኔ ግን የሞስኮዎቹ በደንብ ያነበቡት ይመስለኛል። የአልዶስ ሃክስሊን «ብሬቭ ኒው ወርልድ» አየርላንድ በወጣበት በ1932 ያገደችው በሥነ ምግባር ሰበብ ነው። ይህን ስናገር ማን ማንን እንዳየ አልነግራችሁም።

ከሁሉ የነካኝ የሬይ ብራድበሪ ነው። «ፋራናይት 451» መጻሕፍት ስለሚቃጠሉበት ዘመን የተጻፈ ነው። አሳታሚው ራሱ ለትምህርት ቤት ባዘጋጀው እትም አንዳንድ ቃላትንና ቦታዎችን ለደራሲው ሳይነግር አወጣ። ነገሩን ለደራሲው ጽፈው ካሳወቁት መካከል ተማሪዎች ነበሩ። ልጆቼ ይህን ሲሰሙ እንደ ጎል አጨበጨቡ።

ከአገራችንም አነበብን። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በንጉሡ ዘመን የታገደ ነው። ፅንሱ ማኅፀን ውስጥ ሆኖ እንዲህ ያለ ዓለም ላይ አልወለድም ይላል። ልጆቹ ከውጭዎቹ ሁሉ ይህን ወደዱት። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ዲስቶፒያ አይደለም፤ በዓይን የታየ ዘመን ነው። ቢሆንም ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እንግዳችን ሆነው ነበር። መጽሐፉን ጋዜጣ ለብጠው፣ በተሰጧቸው ሁለት ሌሊቶች እንዴት እንደጨረሱት ነገሩን። በዚያ ቀን ስለ ፋኑ ወንበር ማንም አላነሣም።

ግንቦት ላይ ራሳቸው ጻፉ። የሁለት ልጆች ታሪክ በወላጆች ቀን ተነበበ። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ቆጣሪ ተገጥሞላቸዋል፤ ጥላ በደቂቃ ይሸጣል። ብር የሌለው አያት ፀሐይ ላይ ቆመው የልጅ ልጃቸውን ጥላው ሥር ያስቀምጣሉ፤ ደቂቃው ሲያልቅ ዛፉ ይጮሃል። የማንም ስም የለበትም። ሲያልቅ ግን አንዱ ወላጅ ስለ ፓርኪንግ ነው አለ፤ ሌላዋ ስለ ቤት ኪራይ። የበሩ ጥበቃ ደግሞ ጠጋ ብለው «ይሄ እኔን ነው እንዴ?» አሉኝ። ከግቢው ዛፍ ሥር የውጭ ሰዎችን የሚያስነሡት እሳቸው ናቸው።

ያቺ የ11ኛ ክፍል ልጅ ስለ እኔ ፍርዷን ሰጥታለች። «ይህን ገጽ አንብቡ ብዬ አልሰጣችሁም ብትለን ምርጫ ነበር፤ ዝም ብለህ ስትመዘው ነው ሌላ የሆነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለከርሞ የማልሰጠው ገጽ ካለ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ።

ሰኔ ላይ ቅጠሎቹን ወደየቦታቸው ልመልስ መሳቢያውን ከፈትኩ። ስምንት ነበሩ። ስድስት አገኘሁ።