የጀልባው ዕድሜ ተቆጥሮ የካፒቴኑ ለምን ይሰረዛል? ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በባሕር ዳር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚመሩት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በውህደት ምክንያት ስለተሰረዘ የአገልግሎት ዘመንና ጡረታ

የድርጅት መቀላቀል፣ መከፋፈል ወይም ለሌላ ባለቤት መተላለፍ የሥራ ውልን እንደማይለውጥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 16 ይናገራል። ይህን እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ድርጅታችን ሲዋሃድ የተሰረዘብን የአገልግሎት ዘመን ይመለስልን የሚለውን አቤቱታችንን መዝገብ ቤትዎ ተቀብሏል፤ የገቢ ቁጥር ግን አልሰጠንም። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው «እየታየ ነው»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «በሳምንት ተመለሱ» የሚል የቃል መልስ ብቻ ነው። በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድነው ስለዚህ ነው።

ጣና ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ ሁለት የግል ድርጅቶች ተዋሃዱ። ጀልባው ከነሞተሩ፣ ደንበኛው ከነውሉ፣ ዕዳው ከነወለዱ ለአዲሱ ድርጅት ተላለፈ። ከትንሹ ድርጅት የመጣን ካፒቴኖችና መካኒኮች ግን አዲሱ ፔሮል ላይ በቅጥር ቀናችን ቦታ የሰፈረው የውህደቱ ቀን ነው። ጀልባው የተሠራበት ዓመት በንብረት መዝገቡ ላይ እንዳለ ነው። የተሰረዘው የሰው ዓመት ነው።

ይህች አንዲት ቀን የምታመጣውን እንይ። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አንድ የግል ድርጅት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ወርሃዊ የጡረታ አበል የሚያገኘው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ካለው ነው። በውህደቱ ጊዜ 53 ዓመት የነበረው ካፒቴን አገልግሎቱ ከውህደቱ ቀን ከተቆጠረ 60 ሲሞላው ያለው 7 ዓመት ብቻ ነው። አበል የለውም፤ የአንድ ጊዜ ክፍያ ተቀብሎ ይሰናበታል። የጡረታው ሥርዓት ለግል ድርጅቶች ከተዘረጋበት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ መዋጮ ሲቆረጥበት የኖረ ሰው ነው ይህ። የቀድሞውን ድርጅት የመዋጮ ዝርዝርና የአገልግሎት ማስረጃ ስንጠይቅ የሰው ኃይል ክፍሉ «የቀድሞ አሠሪያችሁን ጠይቁ» ይላል። የቀድሞው አሠሪ በውህደቱ ፈርሷል። ሰነዱ ያለው ይህን መልስ በሚሰጠን ድርጅት መደርደሪያ ላይ ነው።

ሁለተኛው በደል ረቀቅ ያለ ስለሆነ በቁጥር እናሳይ። የትልቁ ድርጅት ካፒቴን መደበኛ ደመወዙ 12,000 ብር ነው እንበል። የእኛው 9,000 ደመወዝና 3,000 የጉዞ አበል ነበረው። ከውህደቱ በኋላ «ክፍያው እኩል ሆኗል» ተባለ፤ ድምሩ በእርግጥ እኩል ነው። የጡረታ መዋጮ የሚታሰበው ግን ከደመወዝ እንጂ ከጉዞ አበል አይደለም። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። አሠሪው ለአንዱ ካፒቴን በወር 1,320 ብር፣ ለሌላው 990 ብር ያስገባል፤ በአንድ ሰው 330 ብር ተረፈው ማለት ነው። የጡረታ አበሉ የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሆኖ፣ ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል። ሁለቱም 14 ዓመት ቢኖራቸው 35 በመቶ ይደርሳቸዋል፦ ለአንዱ 4,200 ብር፣ ለሌላው 3,150። አንድ ዓይነት ጀልባ ነድተው፣ አንድ መርከብ ማረፊያ ላይ አድረው፣ ዕድሜ ልካቸውን በወር የ1,050 ብር ልዩነት። ስሌቱ የ36 ወር አማካይ ስለሆነም ደመወዙ ዛሬ ቢስተካከል እንኳ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ለቀረው ካፒቴን የምታልፈው እያንዳንዷ ወር አትመለስም።

የኅብረት ስምምነቱም፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የተፈራረሙት ውል፣ ጉዳይ ግልጽ ነው። የሚዋሃዱት ድርጅቶች የየራሳቸው ኅብረት ስምምነት ካላቸውና የሠራተኛው ቁጥር የማይመጣጠን ከሆነ፣ የሚጸናው ብዙ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ስምምነት እንደሆነ ሕጉ ይደነግጋል። ይህ ማለት የትልቁ ድርጅት ስምምነት ከነደመወዝ እስኬሉ የእኛም ነው። አስተዳደሩ ግን የዲሲፕሊን ቅጣቱን ከዚያ ስምምነት ጠቅሶ ይቀጣናል፤ ስለ እስኬሉ ስንጠይቅ «እናንተን አይመለከትም» ይለናል። አንዱ ሰነድ በግዴታው የእኛ፣ በጥቅሙ የሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

የመስመር ምደባም በቅጥር ቅደም ተከተል ነው። የተሻለ የጉዞ አበል ያለው የጎርጎራ መስመር ረጅም ነው፤ ዘጌና ክብራን ገብርኤል አጭር ደርሶ መልስ ናቸው። አሁን እኛ ከዝርዝሩ ግርጌ ስለሆንን ረጅሙ መስመር ከእኛ በኋላ ጀልባ መንዳት ለጀመረ ሰው ይሰጣል። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪም ነው። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። እምቦጭ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ የሚስብበትን ቀዳዳ ሲደፍነው ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ቀጭን ውኃ ይቋረጣል። ይህን ያየ ካፒቴን ወዲያው አጥፍቶ፣ ሞተሩን ወደ ላይ አንስቶ ያጸዳል። ያላየ ሞተሩን ያቃጥልና ሐይቁ መሐል ከነተሳፋሪው ይቆማል። ውኃው ሲጎድል የትኛው ዳርቻ ላይ ድንጋይ ብቅ እንደሚልም የሚታወቀው በዓመታት ነው። በፔሮሉ የተሰረዙት እነዚህ ዓመታት ናቸው።

ነገሩ በዓለም አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲመሠረት ያገዘው የአሜሪካው አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ. እ.ኤ.አ. በ2001 «አሜሪካን ኤርላይንስ» በተባለው ድርጅት ሲጠቀለል ብዙዎቹ አብራሪዎቹ ከአገልግሎት ቅደም ተከተል ዝርዝሩ ግርጌ ተቀመጡ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2007፣ አየር መንገዶች ሲዋሃዱ የአገልግሎት ዝርዝሩ በፍትሐዊ መንገድ እንዲቀላቀል የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። እኛ አዲስ ሕግ አልጠየቅንም፤ ያለው ይፈጸምልን ነው ያልነው።

ክቡር ሆይ፣ የዝምታዎን ዋጋ እንንገርዎ። የደመወዝና የልዩ ልዩ ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቀራል ማለት ነው። አቤቱታው ሕጉን ለሚያስፈጽመው አካል ሲቀርብ ይርጋው ይቋረጣል፤ መቋረጡም በጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጥ ይዘልቃል። እርስዎ ቁጥር ባልሰጡት ወረቀት ግን አሠሪው «አቤቱታ አልቀረበም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ የሚያድረው የእኛ መብት ነው።

ተቆጣጣሪ ይላኩ። አዋጁ ሥራ ቦታ ገብቶ ሰነድ የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። ከውህደቱ በፊት የነበረውን የመጨረሻ ወር ፔሮልና ከውህደቱ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ወር ፔሮል ጎን ለጎን አስቀምጦ የቅጥር ቀንና የደመወዝ ዓምዶቹን ያነጻጽር፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የቀድሞው ድርጅት የመዋጮ ዝርዝር በእያንዳንዳችን የጡረታ መለያ ቁጥር ተለይቶ ለጡረታ አስተዳደሩ እንዲቀርብ ይዘዙ። ለአቤቱታችን የገቢ ቁጥርና ቀን ይስጡት። ጥያቄያችንን የማይቀበሉ ከሆነም እምቢታዎን በጽሑፍ ይስጡን፤ ይዘነው ፍርድ ቤት እንሄዳለን።

ከትንሹ ድርጅት የተዛወርን ካፒቴኖችና መካኒኮች
ባሕር ዳር