ስለ ኖርዌያዊቷ ገጣሚ ኢንገር ሃገሩፕ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ግጥም ከፖለቲካ ጋር ከተነካካ ውበቱን ያጣል የሚለው አስተያየት በየጊዜው ስለሚነሳ፣ ለዚህ ሙግት በቂ መልስ ትሆናለች ብዬ የማምንባትን ኖርዌያዊቷን ኢንገር ሃገሩፕን ላስታውስ እወዳለሁ። ሃገሩፕ እ.ኤ.አ. በ1905 በበርገን ተወልዳ የመጀመሪያ መድበሏን በ1939 ስታሳትም፣ በዓመቱ ናዚ ጀርመን አገሯን ወረረች።

በማርች 1941 የእንግሊዝ ኮማንዶዎች በጀርመን በተያዘችው ኖርዌይ ሰሜን የሚገኙትን የሎፎተን ደሴቶች ድንገት መትተው ሲመለሱ፣ ጀርመኖች ቂማቸውን በነዋሪው ላይ ተወጡ፤ ቤቶችንም አቃጠሉ። ሃገሩፕ ይህን አስመልክታ የጻፈችው አጭር ግጥም የጸሐፊዋ ስም ሳይጠቀስ በኅቡዕ ተሰራጨ። ኃይሉ የሚመነጨው ከቀላልነቱ ይመስለኛል፤ ስንኞቹ አጭርና ቤት የሚመቱ በመሆናቸው ሰው በቃሉ ይይዛቸዋል፣ በቃል የተያዘን ደግሞ ማንም ፈታሽ ከኪስ አውጥቶ ሊቀማ አይችልም። በ1943 ወደ ስዊድን ለመሰደድ ተገደደች።

ከጦርነቱ በኋላ ለሕፃናት የጻፈቻቸውን ግጥሞች ከትግል ግጥሞቿ ለይቶ ማየት የተለመደ ቢሆንም፣ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በአንደኛው ግጥም ጉንዳን ስለ ትንሽነቱ ሲነገረው አይቀበልም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሱን እንደሚሞላ ይናገራል፣ እናንተስ ከራሳችሁ ትበልጣላችሁን ብሎም ይጠይቃል። ትንሽ የተባለ ፍጡር ክብሩን የሚያስከብርበት ይህ ቃል፣ ከሎፎተኑ ግጥም የተለየ ፖለቲካ የለውም።

በ1985 ያረፈችውን የዚህችን ገጣሚ ሥራዎች፣ ሁለቱንም ወገን አጣምሮ፣ የጋዜጣችሁ የሥነ ጽሑፍ ዓምድ በትርጉም ቢያቀርብልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአንባቢያችሁ አንዱ