የብስክሌትና ጥገና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ኤሌክትሪኩ ብስክሌት እንዴት ከረመ?

ዘንድሮ ከክበባችን ስም በላይ የታወቀው ኤሌክትሪኩ ብስክሌት ነው። ኮሪደር ላይ ያገኘኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ደህና ነው፣ ይሠራል። ጀርመን የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ለዓመታት ሲነዳው ቆይቶ ከቤት ዕቃው ጋር በኮንቴይነር የላከልን ነው። እኛ ጋ ሲደርስም አዲስ አልነበረም። እስከ ዛሬ እንቶጦን የሚወጣው ልጆቹ ስለያዙት ነው።

"ለትምህርት ቤት ባለ ሞተር የተራራ ብስክሌት ምን ያደርግለታል? ቅንጦት ነው" የሚሉ ወላጆችና ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ። በመምህራን ስብሰባም ላይ ተነስቷል። ይሄ ብስክሌት ለሽርሽር አልመጣም። ከተራው ብስክሌት ይልቅ ዕቃው ቶሎ ይበላል፣ ለማስተማር የሚመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ተራ የተራራ ብስክሌት 14 ኪሎ አካባቢ ሲመዝን ይሄ 24 ኪሎ ነው። ሞተሩ ፔዳሉ ጋ ነው የተገጠመው፤ እስከ 85 ኒውተን ሜትር የሚደርሰውን ጉልበቱን ከነጂው እግር ጋር ደምሮ በአንዲት ካቴና ላይ ይጭነዋል። ተራ ብስክሌት ላይ ዓመት ጠብቀን የምናየውን መበላት እዚህ በአንድ ሴሚስተር ልጆቹ በዓይናቸው ያዩታል።

ላብራቶሪ የለንም እያልን ስንት ዓመት አለቀስን። የአስራ አንደኛ ክፍል ልጆች የፊዚክስ መጽሐፋቸውን ይዘው መጥተው ያሰሉትን ልንገራችሁ። ብስክሌቱና ነጂው አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢሆኑና 600 ሜትር ሽቅብ ቢወጡ፣ ለከፍታው ብቻ የሚያስፈልገው 130 ዋት-ሰዓት (የኤሌክትሪክ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ባትሪው አዲስ ሆኖ የሚይዘው 500 ነው። ታዲያ እላይ ስንደርስ የባትሪውን መጠን የሚያሳየው መብራት ለምን ግማሽ ላይ ይሆናል? ቀሪው የት ገባ? በጎማው፣ በጭቃው፣ በሞተሩ ሙቀት፣ በባትሪው እርጅና። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራከሩበት። ደወል ተደውሎ አልወጣም ያሉበት ትምህርት ይሄ ብቻ ነው።

መደበኛ ስብሰባችን እንደ ወትሮው ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነበር። ሊቀመንበርና ጸሐፊ ተመረጠ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ተነበበ፣ የጽዳት ተራ ወጣ። ፈተና ሰሞን ተበተንን፣ ከፈተና በኋላ ተሰበሰብን። ሌላ የሚባል የለውም።

ወደ ካቴናው ልመለስ። የካቴና መለኪያ የለንም። ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ብረት ናት፣ እስካሁን ግን አላገኘንም። ልጆቹ የብረት ማስመሪያ ይዘው ተነሱ። አዲስ ካቴና ላይ 24 መጋጠሚያ ብትቆጥሩ፣ ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል 304.8 ሚሊሜትር ይመጣል። ባለ 11 ማርሽ ስለሆነ ግማሽ በመቶ ሲረዝም መቀየር አለበት። ያ ማለት 1.5 ሚሊሜትር ነው፣ ሌላ አይደለም። ለዚህች ነገር ብሎ ካቴናውን ያልቀየረ ሰው በኋላ የማርሹን ጥርሶች በሙሉ ይቀይራል፣ ምክንያቱም የረዘመው ካቴና ጥርሱን እየሞረደ ያጎብጠዋል፤ ከዚያ አዲስ ካቴና ቢገጠምለትም እየዘለለ አስቸገረ ማለት ነው። በዋጋ ደግሞ አንዱ ከሌላው ጋር አይወዳደርም። ይህን ልጆቹ በቀለም ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል፣ ስታልፉ አንብቡት።

እጥበቱም የራሱ ሕግ አለው። "ላቫጆ ወስዳችሁ አሳጥቡት" የሚለን ሰው ብዙ ነው። አንወስድም። ኃይለኛ የውሃ ግፊት ኩሽኔታው ውስጥ ያለውን ግሪስ አጥቦ ያወጣል፣ ወደ ሞተሩና ወደ ገመዶቹ መጋጠሚያም ይገባል። በባልዲ፣ በጨርቅና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው የምናጥበው። ካቴናው ደርቆ ይጠረጋል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ትርፉ ዘይት ይወለወላል። ትርፉ ካልተወለወለ አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራውም ያው ሞረድ ነው። የፍሬኑ ዲስክ ላይ ዘይት ያንጠባጠበ ልጅ ግን የክበቡን ሁሉ ቁጣ ይችላል።

አሁን ስለ መጋቢቱ ጉዞ ላውራ። ሌላውን ሁሉ ባልጽፍ ይህን እጽፍ ነበር።

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንቶጦ ነበር የወጣነው። በማግስቱ የምንወጣ መሆናችንን ያወቀ ይመስል ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ጥሎ አደረ፤ መንገዱ ጭቃ ነበር። ተራዎቹን ብስክሌቶች ልጆቹ እየተቀያየሩ ነዱ፣ ኤሌክትሪኩ የመሣሪያውን ቦርሳና ውሃውን ተሸክሞ ወጣ። እላይ ባሕር ዛፉ መሃል ትንሽ ተጫወትን፣ ከተማውን ቁልቁል አየን፣ ዳቦ በላን። ለመውረድ ስንነሳ አንዲት የአስረኛ ክፍል ተማሪ "ቁም" አለች።

ይህችን ልጅ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም። ኤሌክትሪኩን ይዞ የነበረው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ በቁመቱ ሁለት እሷን የሚሆን ነው። ጆሮዋን ወደ ኋላው ጎማ አስጠግታ "እንደገና ፍሬን ያዝና ግፋው" አለችው። ገፋው። ብረት ከብረት ሲፋጭ ለሁላችንም ተሰማን። ከቦርሳው ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) አውጥታ፣ ጎማውን ፈትታ፣ የፍሬኑን ሸራ መዝዛ በመዳፏ ላይ አስቀመጠችው። ሸራው 1 ሚሊሜትር እንኳን አልቀረውም። አንደኛው ጫፍ ላይ የብረት ጀርባው ወጥቶ ያበራል። በሁለቱ ሸራዎች መሃል ያለችው ስስ ሞላ ዲስኩን መንካት ጀምራለች። ጠዋት ስንነሳ ታይቶ ደህና ነበር፤ የጭቃው አሸዋና የብስክሌቱ ክብደት በአንድ ቀን ጨረሱት።

ልጁ "በፊተኛው ቀስ ብዬ እወርዳለሁ" አለ። እሷ ወደ እኔ ዞረች። "ቲቸር፣ ይሄ ቁልቁል አይነዳም። ፊተኛው ብቻውን ግሎ እምቢ ቢል ሌላ የሚይዘው የለም።" ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ቃሏ ግን አልተንቀጠቀጠም። እኔ ምንም መናገር አላስፈለገኝም። ልጁ አንድ ጊዜ ሸራውን አየ፣ አንድ ጊዜ እሷን አየ፣ ከዚያ ወርዶ መሪውን ያዘ።

ሁላችንም ወረድን፣ በእግር። የራሳቸው ብስክሌት ደህና የሆነላቸውም ጭምር ከጓደኞቻችን አንለይም ብለው ገፉ። ያን 24 ኪሎ በጭቃ ቁልቁል እየያዙ መውረድ እንዲህ ቀላል አይደለም፣ እየተፈራረቁ ነበር የሚይዙት። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አገኙንና አንዷ "ምን ሆናችሁ ነው ልጆቼ፣ ብስክሌት ይዞ በእግር?" አሉ። "ፍሬኑ አልቆ ነው እማማ" አለቻቸው ልጅቷ። "ጎሽ፣ ነፍስ ይበልጣል" ብለው አለፉ። እኔ አስተማሪ ሆኜ ብዙ የሽልማት ቀን አይቻለሁ። እንደዚያን ቀን በተማሪዎቼ ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ ረጅም ጊዜ ቆመ። ልኩ የሆነ የፍሬን ሸራ ከተማው ውስጥ ፈልገን አጣን፤ ሰው ሲመጣ ነው የተላከልን። በዚሁ መሃል ከክበቡ ውጭ የሆነ አንድ ባለሙያ የፍሬኑን ዘይት በመኪና ፍሬን ዘይት ሊሞላልን ነበር። ልጆቹ ከለከሉት። የእኛ ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው፣ የመኪናው ዘይት ደግሞ ፍሬኑ ውስጥ ዘይቱን የሚይዙትን ትንንሽ ጎማዎች ያበላሻቸዋል። የፍሬኑ እጀታ ክዳን ላይ ተጽፏል፣ አንብበው አሳዩት። አብዛኛው የሁለተኛ ሴሚስተር የጉዞ እቅዳችን ግን በዚህ ምክንያት ቀርቷል፣ አልደብቅም።

ትልቁ ሥጋታችን ባትሪው ነው። ሊቲየም ባትሪ ተነዳም አልተነዳም ያረጃል። ሙሉ ተሞልቶ ሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ ይብስበታል፣ ጨርሶ ባዶ ሆኖ መክረምም ይጎዳዋል። ክረምቱን ከ30 እስከ 60 በመቶ ተሞልቶ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ በእኛ ባትሪ ከአምስቱ መብራት ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሲበሩ ማለት ነው። የተሰጠን መጋዘን ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ቀን ላይ ገብታችሁ እዩት። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ጠይቀናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው። የተሰበሩ ወንበሮች የተከመሩባት ክፍል ናት፤ ወንበሮቹ ሙቀት አይጎዳቸውም።

ውጭ ላላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። "ባትሪ በሻንጣ ልያዝላችሁ?" ብላችሁ የጻፋችሁልን አላችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን አይሆንም። የመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ መለዋወጫ ባትሪ በሻንጣ አይፈቀድም፣ ይሄኛው ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አደገኛ ዕቃ ተብሎ በካርጎ ነው የሚጓዘው፣ ወጪውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ያለንን ባትሪ መጠበቅ አለብን።

በሻንጣ የሚመጣውን ልንገራችሁ፦ የፍሬን ሸራ፣ ባለ 11 ማርሽ ካቴና፣ የካቴና መለኪያ፣ ብሎን በልኩ የሚያጠብቅ ትንሽ ቁልፍ። ሁሉም አንድ የጫማ ካርቶን አይሞሉም። ናሙናውንና ልኩን ጸሐፊዋ ጽፋ አስቀምጣለች፣ ሳትጠይቁ አትግዙ፣ ልኩ ካልሆነ አይገባም። ለወላጅ ኮሚቴም አንድ ቃል አለኝ። ለስፖርት ቀን ቲሸርት ከሚወጣው ጥቂቱ እንኳን ለእኛ ቢደርስ በዓመቱ እየተበላ የሚቀየረውን የብስክሌት ዕቃ እንሸፍናለን። አዲስ ብስክሌት አልጠየቅንም።

በሚቀጥለው ዓመት የጥገናው ጠረጴዛ ለመላው ተማሪ ክፍት ይሆናል፤ ጎማው የተነፈሰ፣ ፍሬኑ የላላ፣ ካቴናው የዛገ ሁሉ ይምጣ፣ በነጻ ነው። ጠረጴዛውን የምትመራው ያቺው የፍሬኗ ልጅ ናት፣ አባላቱ በእጅ ማውጣት መርጠዋታል። ምዝገባ መስከረም ላይ ይጀምራል። ብስክሌት መንዳት የማይችልም ይመዝገብ።