ባሕር ሳናይ ስለ ባሕር ምሽግ፦ የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«የጎጃም ልጅ ከሞምባሳ ምሽግ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለው ጥያቄ ከመምህራን ማረፊያ እስከ ወላጆች ስብሰባ ድረስ ሲከተለን ስለ ከረመ፣ ዘገባዬን ከመልሱ ብጀምር አንባቢ አይቀየመኝም።

ክበባችን ዓመቱን ያጠናው በኬንያ ጠረፍ የሞምባሳን ወደብ መግቢያ ይጠብቅ ስለ ነበረው ስለ ፎርት ጂሰስ ነው። ምሽጉን ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 ጀምረው በ1596 አጠናቀቁት፤ ንድፉን ያወጣው ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ነበር። ለሥራው ያጣደፋቸው ቱርኮች በዚያ ጠረፍ መታየታቸው ሲሆን፣ እነዚሁ ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ይዘዋል፤ የፖርቱጋሉ የጦር አዛዥ ክሪስቶቮ ዳ ጋማም በ1541 አራት መቶ ያህል ወታደሮችን ይዞ ወደ አገራችን የዘለቀው በዚያው በምጽዋ በኩል ነው። ስለዚህ ርእሱ የሰው ቤት ታሪክ አልነበረም። ተማሪዎቹን ከሁሉ ያስደነቃቸው የዑማን ጦር ከ1696 እስከ 1698 ያደረገው ከበባ ነው፤ ያን ሁሉ ወፍራም ግንብ ይዘው ተከላካዮቹን ከመድፍ ይልቅ በሽታና ረኀብ ጨረሷቸው።

የረቡዕ ስብሰባዎቻችንና በሚኒ ሚዲያ ያቀረብናቸው ዝግጅቶች በመዝገብ ስለ ሰፈሩ አልደግማቸውም። ከሸክላና ከካርቶን የሠራነው የምሽጉ ሞዴል በሚያፈስሰው ጣሪያ ምክንያት በአንድ ሌሊት ዝናብ ተበላሽቷል፤ ለኳስ መግዣ የማይጠፋ በጀት ለአንድ ቆርቆሮ የሚጠፋበትን ምክንያት የሚያውቅ ካለ ቢያስረዳን ደስ ይለናል።

ወደ ሞምባሳ መሄድ ስለማይታሰብ፣ ከዚያው ዘመን የተረፈ ግንብ ፍለጋ ጢስ ዓባይ ወርደን፣ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረውንና ሕዝቡ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚለውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ድልድይ ጎበኘን። በስብሰባ ላይ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለን፤ አባቱ ግንበኛ ናቸው። ሌሎቹ ፎቶግራፍ ሲነሡ እሱ ከድልድዩ ሥር ተንበርክኮ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ማያያዣ በጥፍሩ ሲነካካ አገኘሁት። ጓደኞቹ ሲሰበሰቡ፣ ድንጋይ ተቃጥሎ እንዴት ኖራ እንደሚሆን፣ ውኃ ሲፈስስበት እንዴት እየፈላ እንደሚፈርስ፣ አባቱም ሳይበርድ እንዳይነካው እንዴት እንደሚቆጡት ረጋ ብሎ አስረዳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መምህር፣ የሞምባሳው ድንጋይም ኖራውም ከባሕር ዛጎል ድንጋይ ነው ብለውናል፤ ባሕር በሌለበት እዚህስ የኖራውን ድንጋይ ከየት አመጡት?» አለኝ። በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ በመልስ ማጣት የተደሰትኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

በዓባይ ሸለቆ፣ በደጀን በኩል፣ የኖራ ድንጋይ በሰፊው እንዳለ በኋላ ከጂኦግራፊ መምህሩ ጋር ሆነን አሳየነው። እሱ ግን በካርታ አልረካም፤ ድንጋዩን ራሱን አይቼ ከድልድዩ ማያያዣ ጋር ላስተያይ ይላል። የጢስ ዓባዩን ጉዞ ከተማሪዎች ኪስ በተዋጣ ገንዘብ ሸፍነነዋል፤ ገንዘቡን ማግኘት ያልቻሉ ስድስት ልጆችም ቀርተዋል። ለሚመጣው ዓመት የደጀን ጉዞ የአውቶቡስ ኪራይ እንዲሸፈንልን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በጽሑፍ አመልክተናል፤ የቀድሞ ተማሪዎቻችንም መርዳት ብትፈልጉ ደረሰኝ የሚቆርጠው የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ነው።