ለተሰደደ ተሟጋች ከገንዘብ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ናይሮቢና ካምፓላ የገቡ የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾችን ለመርዳት ከመዋጮ የሚቀድም ሥራ አለ። ተሟጋቾችን የሚረዱት ድርጅቶች፣ ካምፓላ ያለው ዲፌንድ ዲፌንደርስም ሆነ የደብሊኑ ፍሮንት ላይን ዲፌንደርስ፣ የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ ከመስጠታቸው በፊት የአመልካቹን ሥራና ያለበትን አደጋ ያጣራሉ። ስለዚህ ባልደረቦቹ፣ የትኛውን ጉዳይ ይከታተል እንደነበርና ዛቻው መቼ፣ ከማን እንደደረሰው ጽፋችሁ ፈርሙ። «ጎበዝ ሰው ነው» የሚል ደብዳቤ አንድም በር አይከፍትለትም! የፖሊስ መጥሪያውና የዛቻው መልእክት ፎቶ ከነቀኑ በታማኝ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ ድንበር ሲሻገር ፈርቶ ስልኩን ከደመሰሰ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

በ2021 የኬንያ የስደተኞች ሕግ መሠረት ጥገኝነት ጠያቂ በገባ በ30 ቀናት ውስጥ በአካል ቀርቦ ማመልከት አለበት። «ነገሩ ሲበርድ እመለሳለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ቀኑ ያልፍበታል። እባካችሁ፣ የአቀባበል ፎቶም ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፤ አገር ቤት የቀሩ እናትና ልጆች አሉ።

በጉዳዩ ላይ የምንሠራ አንባቢዎች