እሜቴ ደንብ፣ እጄን ሰጠሁ

እሜቴ ደንብ፣

እንደምን ከርመሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ስል «ምን ፈልጎ ነው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ልክ ነሽ፣ ፈልጌ ነው። የልጅሽ ክርስትና ላይ አለመምጣቴን ግን... በቃ፣ ስንገናኝ ትሰድቢኛለሽ። ይቅርታ ብያለሁ፣ እንለፈው።

ያ የመድኃኒት ቤት ፕሮግራሜ መቼም አይረሳሽም። አፕልና ማይክሮሶፍት ስለ አዝራርና ሳጥን አሠራር የጻፉትን መመሪያ ተከተል፣ አልከተልም ብለን የተጨቃጨቅንበት። ጉድ አደረገኝ። እሱ ምን ያድርግ፣ እኔው ነኝ እንጂ።

የአፕሉን ኮምፒውተር ማክን ከገዛሁ ወዲህ (አትሳቂ) ዓይኔ ለመደና የጥያቄ ሳጥኖቹን ሁሉ እንደ ማክ ገለበጥኳቸው። መመለሻው በግራ፣ ዋናው ትእዛዝ በቀኝ ጥግ። ዊንዶውስ ላይ እሺታው በግራ፣ መተዊያው በቀኝ መሆኑን ጠፍቶኝ አይደለም። «ፕሮግራሙ የኔ ነው፣ ማይክሮሶፍት ምን አገባው» ብዬ ነው። አነጋገሩን ታውቂዋለሽ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ፋርማሲስት፣ እናቴ የምትሆን ሴት፣ የሦስት ቀን ቆጠራ ከፍታ ሳለ መሰረዣው ላይ እጇ አረፈ። ሳጥኑ ወጣ። «ቆጠራው ይሰረዝ?» በግራ «ተመለስ»፣ በቀኝ «ሰርዝ»። እሷ የኖረችው ከዊንዶውስ ጋር ነው፤ መተው ሲያስፈልግ እጇ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቃሉም ባሰ። አንዳንዱ ወደ አማርኛ የተመለሰ ፕሮግራም ካንስል የሚለውን መተዊያ «ሰርዝ» ይለዋል። «የጀመርኩትን ሰርዝልኝ» ብላ ነካችው። ሄደ።

ደወለችልኝ። አልተቆጣችም። «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። ቃሉ በሁለቱም ትርጉሙ ወጋኝ። ጥፋቱ የኔ ነው ለማለት እንኳ አፌ ተሳሰረ። «እናየዋለን» ብዬ ዘጋሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

«እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው፣ ያንተን ጥበብ ቆሞ አያነብም» ትዪኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዊናምፕን በየቀኑ ሌላ ልብስ እያለበስኩ አስቅሽ ነበር። ለዘፈን ማጫወቻ ይሁን። ለመድኃኒት ቆጠራ ግን...

ሙሉ በሙሉ አሸነፍኩ እንዳትዪ ታዲያ። አፕል መመሪያውን ራሱ ጽፎ በ1999 የቪዲዮ ማጫወቻውን ኩዊክታይም 4ን ሲያወጣ ለድምፁ በጣት የሚሽከረከር ጎማ ሥሎ አልነበር? ጎማን በማውስ አዙሪ እንግዲህ! ማይክሮሶፍትስ በ2012 በዊንዶውስ 8 የስታርትን አዝራር አጥፍቶ በዓመቱ 8.1 ላይ አልመለሰም? ደንብ አውጪውም ይሳሳታል።

ደግሞ መመሪያዎቹ አማርኛን አያውቁም። «አዎ» እና «አይ» አትበሉ፣ አዝራሩ ላይ ግስ ጻፉ ይላሉ። መልካም። «ሰርዝ» ብል ለወንድ ነው፣ ተጠቃሚዬ ሴት ናት። «ሰርዢ» ብል ወንዱ ይስቅብኛል። «ይሰርዙ» ብል የቀበሌ ማስታወቂያ ይመስላል። ትናንት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቁጭ ብዬ «ይጥፋ» እና «ይቅር» ላይ ደረስኩ። ፆታ የለባቸውም፣ አይምታቱም። ቦታቸውንም እንደ ዊንዶውስ መልሻለሁ፤ «ይቅር» በቀኝ። ግን «ይጥፋ» እርግማን አይመስልም?

ሰኞ ለሁሉም መድኃኒት ቤቶች ልልከው ነው። ምስሉን አያይዣለሁ። እንደ ድሮው በቀይ ሰርዢልኝ፣ እዚህ ላይ እንኳ ፆታሽን አውቃለሁ።

ልጅቷ አፍ ፈታች?