ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ፦ የሥርዓተ ፆታ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በጭቅጭቅ ነው። አባላቱ ስለ ሴቶች ሰልፍ ትርኢት እናዘጋጅ ብለው ገና በመጀመሪያው ቀን መፈክር መጻፍ ጀመሩ። እኔ ደግሞ «መጀመሪያ ከሰልፉ በፊት የነበረውን ሥራ እንወቅ» አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። እውነቱን ለመናገር በእነዚያ ሳምንታት ንግግር አብዝቻለሁ።

ነገሩ የተለወጠው የደቡብ አፍሪካዋ ፕሪቶሪያ ታሪክ ላይ ስንደርስ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1956፣ 20,000 ያህል ሴቶች የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁር ሴቶችንም የይለፍ ደብተር (ጥቁሮች ለመንቀሳቀስ እንዲይዙት የሚገደዱትን መታወቂያ) ሊያሲዝ መነሣቱን ተቃውመው ወደ መንግሥቱ መቀመጫ ሄዱ። ሊሊያን ንጎዪ፣ ሔለን ጆሴፍ፣ ራሂማ ሙሳና ሶፊያ ዊሊያምስ ከፊት ነበሩ። ተሰልፎ መሄድ ስለተከለከለ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ተጓዙ። የተፈረመባቸውን ወረቀቶች ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ትተው 30 ደቂቃ ያህል በዝምታ ቆሙ።

«ቲቸር፣ ያ ሁሉ ሰው እንዴት ዝም ይላል?» አለች አንዷ። ሰዓት ይዘን ሞከርነው፤ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ሳቁ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄያቸው ሌላ ሆነ። ፊርማውን በየቤቱ እየዞረ የሰበሰበው ማነው? የመሳፈሪያውን ገንዘብ ማን አዋጣ? ልጆቹስ? (ብዙዎቹ ልጅ አዝለው ነው የመጡት።) የይለፍ ሕጉ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1986 መሆኑን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ያኔ ሰዓት አልያዝንም።

የአርጀንቲና እናቶችን ታሪክ ይበልጥ የወደዱት ወንዶቹ አባላት ናቸው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1977፣ ልጆቻቸው በወታደራዊው መንግሥት የታፈኑባቸው 14 እናቶች ቦነስ አይረስ በሚገኘው ፕላዛ ዴ ማዮ ተሰበሰቡ። ፖሊስ መቆም ክልክል ነው፣ ሂዱ አላቸው። እነሱም እሺ ብለው አደባባዩን ይዞሩ ጀመር፤ ዙሩም የየሐሙሱ ሆነ። «ሰልፉን የፈጠረውማ ፖሊሱ ነው» አለ ጸሐፊያችን። ከእኔ ንግግር ሁሉ ይህ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ነጭ ለብሰው ለሰላም ስለተቀመጡት የላይቤሪያ ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች የተዘጋጀው ትርኢት ግን አልተሳካም። ልምምዱ አጭር ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አንዲት የክበቡ አባል፣ እኛም ሁለት ሁለት ሆነን የምንሄድበት ቦታ አለ አለች። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በሮች መቀርቀሪያ የላቸውም፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ትይዛለች። ይህን ያህል ጊዜ ሳስተምር አላስተዋልኩትም። ልጆቹ ማመልከቻ ጽፈው በየክፍሉ ዞሩ። አንዳንድ ወንዶች ሳቁ፤ የክበባችን ወንዶች ግን እነዚያኑ እያግባቡ አስፈረሟቸው። ማመልከቻውን በሰልፍ ሆነው እንዲያስገቡ አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ በየእረፍቱ ሁለት ሁለት ተማሪ ቢሮ እየገባ «መቀርቀሪያው ምን ደረሰ?» ይል ጀመር፤ ጥንዶቹ ተራ የሚገቡበትን ሰሌዳ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ቢሮው በሦስተኛው ሳምንት አናጢ ጠራ።

ሁለቱ በሮች አሁን ይቆለፋሉ። የሦስተኛው መቃን በስብሶ ምስማር አልይዝ ስላለ ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። እዚያ አሁንም አንዷ ትገባለች፣ አንዷ በሩን ትይዛለች።